«የእኔ» የምትለው ቃል በሁለት የብራውኒንግ ግጥሞች

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች፤

ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት አጭር ቃል ነው፤ «የእኔ» ስለምትለው። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሮበርት ብራውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1836 ባሳተመው፣ ዛሬ «የፖርፊሪያ አፍቃሪ» በምንለው ግጥም፣ እንዲሁም በ1842 ባወጣው «የመጨረሻዋ ዱቼሴ» ውስጥ ሁለቱን ሴቶች ያጠፋቸው ይህች ቃል የተሸከመችው ስሜት ነው ብዬ አምናለሁ። ዱቼስ ማለት የዱክ፣ ማለትም የመስፍን ሚስት ናት፤ በአማርኛ «ዱቼሴ» ስንል ባለቤትነቱ ከስሟ ጋር ተጣብቆ ይወጣል፤ ሴትዮዋ ግን በግጥሙ ውስጥ የራሷ ስም እንኳ የላትም።

በ«የመጨረሻዋ ዱቼሴ» ተናጋሪው የጣሊያኗ ፌራራ ዱክ ነው። ሊያገባት ካሰባት ልጃገረድ ወገን ለመጣ መልእክተኛ ግድግዳው ላይ የተሣለችውን የቀድሞ ሚስቱን እያሳየ፣ ከእርሱ በቀር መጋረጃውን የሚገልጥ ሰው እንደሌለ ይነግረዋል። በሕይወት ሳለች ፈገግታዋን ሊቆጣጠር አልቻለም ነበር፤ አሁን ማን እንደሚያያት የሚወስነው እርሱ ነው። ጥፋቷ ምን ነበር? የፀሐይ መጥለቅ፣ አንድ ሰው ቆርጦ ያመጣላት የቼሪ ቅርንጫፍ፣ የምትቀመጥባት ነጭ በቅሎ ሁሉም ደስ ያሰኟታል፤ የዘጠኝ መቶ ዓመት ስሙን ከእነዚህ ጋር እኩል ታመሰግናለች። እርሱም ትእዛዝ ሰጠ፤ ፈገግታው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆመ። ገደሏት የሚል ቃል በግጥሙ የለም፤ ለእኔ ግን ይህ ዝምታ ከግልጽ ቃል ይበልጥ ያስፈራል። ዱኩ ወዲያው ስለ አዲሲቱ ሙሽራ ሀብት ያነሣና፣ ሲወጡ የባሕር ፈረስ የሚገራውን የኔፕቱን፣ የሮማውያን የባሕር አምላክ፣ የነሐስ ሐውልት ያሳያል።

የፖርፊሪያ አፍቃሪ ሥልጣንም ሠራዊትም የለውም። በዝናብና በነፋስ መካከል ወደ ጎጆው የገባችው ፖርፊሪያ ናት፤ በሩን ትዘጋለች፣ እሳቱን ታነድዳለች፣ የሚንጠባጠበውን ካባዋንና ሻርፗን፣ ጓንቷንና ባርኔጣዋን ታወልቃለች። ስትጠራው አይመልስም። ክንዱን በወገቧ ዙሪያ አድርጋ ጉንጩን በትከሻዋ ላይ ታሳርፋለች። እንደምታመልከው በተረዳባት ቅጽበት «የእኔ፣ የእኔ ናት» ይልና ረጅም ወርቃማ ፀጉሯን ሦስት ጊዜ አንገቷ ላይ ጠምጥሞ ያንቃታል። ከዚያ በኋላ ጭንቅላቷን የሚሸከመው የእርሱ ትከሻ ነው። ብዙዎች የሚያልፉት ይህ የትከሻ ለውጥ ለእኔ የግጥሙ ልብ ነው፤ ስትንቀሳቀስና ስትመርጥ የነበረችው ሴት አሁን እንዳስቀመጧት የምትቀመጥ ሆናለች።

ዱኩ በማዕረጉ፣ አፍቃሪው በእጁ ይሠራል፤ ስለዚህ ጭቆናው ከዙፋን ብቻ ይመጣል ማለት አንችልም። ብራውኒንግ ሲጽፍ በእንግሊዝ ያገባች ሴት የሠራችበት ደመወዝ እንኳ በሕግ የባሏ ነበር፤ ይህ መለወጥ የጀመረው በ1870 ሲሆን፣ ሰፊው ሕግ የወጣው በ1882 ነው። የግጥሞቹ የመጀመሪያ አንባቢዎች እነዚያን ሁለት ወንዶች ያነበቡት በዚያ ሕግ ሥር ሆነው ነው።

ሁለቱም ሴቶች በራሳቸው አንደበት አንድ ቃል አይናገሩም፤ የምንሰማቸው በባለቤቶቻቸው አፍ ነው። አፍቃሪው ከሬሳዋ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ሳይነቃነቅ ተቀምጦ፣ እግዚአብሔርም ገና አንድ ቃል እንዳልተናገረ ይነግረናል።