ሰማንያው ተቀደደ፣ ፊርማዬ ግን አልተቀደደም

ሰላም ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የምቀዳው። ከኤርፖርት ወረፋ ገና መመለሴ ነው፤ የመንገዱ ድምፅ ካስቸገራችሁ ይቅርታ።

ባለፈው እሁድ የአክስቴ ልጅ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ገና አቦሉን እየጠጣን አንድ ቅጽ አወጣ። ዓምና ነው ያገባው፤ ሚስቱ አዲስ አበባ ናት፤ ወደ አሜሪካ ሊያመጣት ነው። «ወንድም ጋሼ፣ እንዲያው ለወጉ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርምልኝ» አለኝ። ገቢው አልሞላለትም። በፈረንጆቹ 2025 ስሌት ሁለት ሰው ላለበት ቤት በዓመት 26,437 ዶላር ገደማ ማሳየት ነበረበት። እሱ ደግሞ ትምህርቱን ገና መጨረሱ ነው፤ ስለዚህ አብሮት የሚፈርም ሰው ፈለገ።

ቅጹን በሩቁ አወቅኩት። አይ-864 ይባላል፤ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ዋስ፣ ማለትም ስፖንሰር፣ የሚኮንበት ቅጽ ነው።

እኔም ፈርሜዋለሁ፤ በ2016፣ ባለቤቴን ላመጣ ስል። ያኔ የቪዛ ወረቀት ነበር የመሰለኝ። ከታክስ ሪተርንና ከሠርግ ፎቶ ጋር ታጭቆ የሚላክ አንድ ተጨማሪ ወረቀት። የሞላልኝ ሰው «እዚህ» ብሎ በጣቱ አሳየኝ፤ ፈረምኩ። አገር ቤት ለባንክ ብድር ዋስ ሁን ብትሉኝ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ለሰው ዋስ ስሆን ግን አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝ።

ጠበቃ አይደለሁም፤ ዘግይቼ የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ። ይህ ቅጽ በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የሚገባ ውል ነው። ያመጣኋት ሰው ገቢ ከድህነት መስመሩ 125 ከመቶ በታች እንዳይወርድ ቃል እገባለሁ። በ2025 ይህ ለአንድ ሰው በዓመት 19,562 ዶላር ነበር። ከጎደለባት እኔ እሞላለሁ። ካልሞላሁ እሷ ራሷ ልትከሰኝ ትችላለች። በገቢ ልክ የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ ከወሰደች ደግሞ የሰጣት መሥሪያ ቤት «መልስ» ሊለኝ ይችላል።

ታዲያ መቼ ነው የሚያበቃው? ዜግነት ስታገኝ። ወይም በሶሻል ሴኩሪቲ፣ በአሜሪካ የጡረታ ሥርዓት ማለት ነው፣ 40 የሥራ ሩብ ዓመት ሲቆጠርላት። ወይም ግሪን ካርዷን ትታ ለሁሌው ከአገሩ ስትወጣ። ወይም ከሁለት አንዳችን ስንሞት። ፍቺ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

እኛ ደግሞ በ2020 ተፋታን። ቨርጂኒያ ነው፤ ልጅ የለንም፤ ብዙ ጭቅጭቅም አልነበረም። ስምምነቱ ላይ አንዳችን ከሌላችን መተዳደሪያ አንጠይቅም ብለን ፈረምን። ዳኛው አጸደቀው። ሰማንያችንን ቀደድን፤ አለቀ አልኩ። አላለቀም። በ2016 የዘጠነኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የካሊፎርኒያው ማለት ነው፣ ፍቺም ሆነ ከጋብቻ በፊት የተደረገ ውል ይህን ግዴታ አይሽረውም ብሏል። እኔ በዚያው ዓመት ነው የፈረምኩት። ማን ያነባል?

በ2023 መጨረሻ ስልክ ደወለች። ድምፅዋን ከሰማሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

«ደህና ነህ? ላስቸግርህ ነው» አለችኝ። ወገቧን ታማ የሥራ ሰዓቷ ተቀንሶባታል። ግሪን ካርድ ከያዘች አምስት ዓመት ስላለፋት ፉድ ስታምፕ፣ የመንግሥትን የምግብ ድጎማ፣ ለመጠየቅ ሄዳለች። እዚያ የተቀመጠችው ሴትዮ ስፖንሰርሽ ማነው አለቻት። የእኔ ገቢ እንደ እሷ ገቢ ሊቆጠር ነው። ካላቀረበች ፋይሉ አይንቀሳቀስም። የፈለገችው ገንዘብ አይደለም፤ የደሞዝ ወረቀቴን ነው።

«አያለሁ» አልኳት። ሁለት ወር አላየሁም።

እዚህ ጋ ራሴን አላሳምርም። ተናድጄ ነበር። ቤት እየከፈልኩ፣ መኪና እየከፈልኩ፣ አብራኝ ለማትኖር ሰው ደሞዜ ሊቆጠር! ጓደኞቼ ጋ ሄጄ አወራሁ። የሚሉትን ታውቁታላችሁ። «ድሮም ለወረቀት ነው የመጣችው።» እኔም አልኩት፤ አፌን ሞልቼ አልኩት።

ከዚያ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ሥራ ፈልጊ ማለት አይቻልም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። በ2012 ቺካጎ ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ አንድ የተፈታች ሴት ይህን ገንዘብ ለማግኘት ሥራ የመፈለግ ግዴታ የለባትም ብሎ ወስኗል አለኝ። ይሄ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም። መሥራት የሚችል ሰው ይሥራ ነው የምለው። ግን ጠበቃው ቀጥሎ የጠየቀኝ ጥያቄ አፌን ዘጋው። «ስንት ሩብ ዓመት ሠርታለች?»

በ2025 አንድ ሩብ ዓመት እንዲቆጠርላችሁ 1,810 ዶላር ማግኘት ይበቃ ነበር። በዓመት ግን ከአራት በላይ አይቆጠርም። ስለዚህ 40 ማለት ቢያንስ አሥር ዓመት ነው። በትዳር ብንቆይ ኖሮ አብረን ሳለን የሠራሁት ለእሷም ይቆጠርላት ነበር፤ ተፋታንና ቀረ። እሷ ያላት 14 ብቻ ነው።

እንደመጣች አንድ ጓደኛዋ ሆቴል ጽዳት አስገባሻለሁ ብላት ነበር። የማታ ፈረቃ። አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ። «የእኔ ሚስት ሌሊት አትሠራም። መጀመሪያ እንግሊዝኛ ተማሪ፣ ምን ያስቸኩልሻል፣ እኔ አለሁ አይደል?» እኔ አለሁ ማለቴ ደግነት ነበር የመሰለኝ። ትንሽ ቅናትም ነበረበት፤ ልደብቃችሁ አልችልም። ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች። ስምንት ሩብ ዓመት ማለት ነው።

በማግስቱ ወረቀቱን ላክሁላት። ይቅርታ አልጻፍኩም፤ ወረቀቱን ብቻ። የራሷ ገቢ በጣም ዝቅተኛ ስለነበር በልዩ ሁኔታ ታየላትና ፈቀዱላት። ሁለቱን ወር እንዴት እንዳለፈችው አልጠየቅኳትም። የማኅበር ጓደኞቿ ሳይደርሱላት አልቀሩም።

መልስ የሚል ደብዳቤ እስካሁን አልመጣልኝም። ትራምፕ በሜይ 2019 መሥሪያ ቤቶች ስፖንሰሮችን እንዲያስከፍሉ ማሳሰቢያ አውጥቶ ነበር። ባይደን በፌብሩዋሪ 2021 ያንን ማሳሰቢያ ሻረው። ሕጉ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ የፖስታ ሳጥኑን ስከፍት ትንሽ ልቤ ይመታል።

ወደ እሁዱ ቡና ልመለስ። የአክስቴ ልጅ ቅጹን አዙሮ የቤተሰብ ብዛት የሚለውን አሳየኝ። «አንተ አንድ ብቻ ነህ አይደል?» አለኝ። አይደለሁም። ከዚህ በፊት በዚህ ቅጽ ያመጣችሁት፣ ግዴታው ያልተቋረጠለት ሰው እዚያ ይቆጠራል። የተፋታኋት ሴት አሁንም በወረቀት የቤቴ ሰው ናት። ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው።

«እሺ፣ ስትመጣ ሥራ ትገባለች?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ኧረ ወንድም ጋሼ፣ ምን ያስቸኩላታል? እኔ አለሁ አይደል?»

እስክሪብቶ ስጠኝ ሲለኝ የለኝም አልኩት። ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።