የተለካውን እንናገር፦ በደሴ የፈረሰኞች ማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ሼኾቻችንና ቀሳውስቶቻችን፣ ከኩታበር፣ ከቦሩ ሜዳ፣ ከደላንታና ከኮምቦልቻ የመጣችሁ ፈረሰኞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አባቶች መርቃችሁ ከፍታችሁልናል፣ አሜን ብለናል። አዳራሹን ለፈቀዱልንም ምስጋናችን ይድረሳቸው።

የዓመቱ ሥራ በጽሑፍ ታድሏችኋል። የኮርቻና የልጓም ጥገና ሥልጠና ተሰጥቷል፣ ወጣቶች ተመዝግበዋል፣ የበዓሉ ግልቢያ ሰው ሳይጎዳ አልቋል። ዝርዝሩን ጸሐፊያችን ያነቡታል። እኔ ዓመቱን ሙሉ ወዳጨቃጨቀን ጉዳይ ልግባ፦ ግልቢያችን በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ስለሚወራው።

ፈረሶቻችን አገር ሲያያቸው ደረታችን ይነፋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን «በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየከነፈ» ሲባል ዝም ማለት አይገባንም። እስኪ እናስላው። አንድ ፈረስ 1,000 ሜትር በሰዓት 100 ከጋለበ በ36 ሰከንድ መግባት አለበት። በ80 ሰከንድ ከገባ ፍጥነቱ 45 ነው። በጊነስ መዝገብ የዓለም ፈጣን ፈረስ ተብላ የሰፈረችው ዊኒንግ ብሩ እ.ኤ.አ. በ2008 ፔንሲልቬንያ ላይ 70.76 ያስመዘገበችው በ400 ሜትር ያህል ርቀት ነው። ሴክሬታሪያት የተባለው ፈረስ እ.ኤ.አ. በ1973 ቤልሞንት የተባለውን የአሜሪካ ውድድር 2,400 ሜትር ገደማ በ2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ጨርሶ፣ ተከታዩን በ31 የፈረስ ርዝመት ጥሎ ሲገባ እንኳ አማካይ ፍጥነቱ 60 ነበር። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ፈረሱ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። የደጋ ፈረሳችን በዚህ አየር፣ ጠጠር በበዛበት ሜዳ 45 ከጋለበ ያ ራሱ ትልቅ ክብር ነው። ምን ጭማሪ ያስፈልገዋል?

ካሜራውም ያሳስታል። ከሩቅ በረጅም ሌንስ ከፊት ለፊት ሲቀረጽ፣ በ10 ሜትር የሚራራቁ ፈረሶች ትከሻ ለትከሻ የገጠሙ ይመስላሉ። ተንታኙም «አንገት ላንገት ተያያዙ!» ይላል። መግቢያው ላይ ደግሞ ካሜራው ከመስመሩ ትይዩ ትንሽ ፈንጠር ካለ፣ ያልቀደመው ፈረስ ቀድሞ የገባ መስሎ ሊታይ ይችላል። ዘንድሮ ሁለት ጎራ ያደረገን ክርክር ከዚሁ የመጣ ነው። በሰዓት 54 የሚጋልብ ፈረስ በሰከንድ 15 ሜትር ይሄዳል። በሰከንድ 25 ምስል የሚያነሳ ካሜራ በሁለት ምስል መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ያመልጠዋል፤ የአፍንጫ ልዩነት በዚህ አይዳኝም። በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ ስልክ፣ ልክ በመስመሩ ትይዩ በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ከተተከለ፣ ስህተቱ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል።

ጉዳቱ ግን ፈረሱ ላይ ነው። ገና ሲነሱ ጩኸቱ ጣሪያ ከነካ፣ ወጣቱ ጋላቢ ከሶምሶማ ወደ ደንገላሳ ሳያሸጋግር በአለንጋ ወደ ሽምጥ ይገባል። በእረፍት በደቂቃ ከ28 እስከ 44 የሚመታው ልብ ከ200 ያልፋል፤ ፈረሱ ግማሽ ላይ ይደክምና እግሩን ይጥላል። ከገባ በኋላ ደግሞ ቀስ እያለ ቢያንስ 15 ደቂቃ መመራት ሲገባው፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ለካሜራ ይገተራል። ይህ ያሳዝናል፣ ያናድዳልም።

«ስፖንሰር የሚመጣው ሲጋነን ነው» የምትሉ አባላት አላችሁ። ገንዘብ እንደሚያጥረን አልክድም፤ የእንስሳት ሐኪም አበል እንኳ በመዋጮ ነው የሸፈንነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ ቢግ ብራውን የተባለ ፈረስ ከሦስቱ ታላላቅ ውድድሮች ሁለቱን ሲያሸንፍ፣ ሦስተኛው ገና ሳይሮጥ ያለቀለት ተደርጎ ተወራ። በቤልሞንት መጨረሻ ወጣ። እዚህም በስክሪን ወሬ ፈረስ በውድ የገዛ ሰው፣ ፈረሱ ሲያነክስበት የሚረግመው ማህበሩን ነው።

ስለዚህ ሥራ አመራሩ የሚያቀርበው ይህ ነው። ሜዳው በ50 ሜትር ሜትሮ ይለካ፣ በየ200 ሜትሩ ባንዲራ ይተከል። መግቢያው ላይ ሦስት ሰው ሰዓት ይያዝ፤ የመካከለኛው ውጤት ይወሰድ። ከተንታኙ ጎን አንድ አባላችን ይቀመጥ፦ የፈረሱን ስም፣ መልኩን፣ ዳማ ይሁን ቡላ፣ የቀረውን ርቀት እየነገረ። ይህን የማይቀበል ጣቢያ ሜዳችን እንዳይገባ ደብዳቤው ተዘጋጅቷል፤ የእናንተን ድምፅ ይጠብቃል።

አሁን ባዶ ወንበሮቹን ተመልከቱ። በውጤቱ ክርክር በየካፌው ድምፃቸው ከፍ ብሎ የተሰማ ወንድሞቻችን ዛሬ የሉም። ቅር ያላችሁ ወንድሞች፣ ቅሬታችሁን እዚህ መጥታችሁ ተናገሩ፤ ቢያስፈልግ በሽማግሌ እንነጋገር። ሰዓት ለመያዝ ሰው ስንለምን አንድም ሰው አለመምጣቱ ልቤን አቁስሎታል፤ ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ስልካቸው ያላችሁ ዛሬ ማታ ደውሉላቸው።

ድምፅ የምንሰጠው ከሻይ በኋላ ነው። ሰዓት ለመያዝና ሜዳ ለመለካት ፈቃደኛ የሆናችሁ መዝገቡ በሩ አጠገብ አለላችሁ፤ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን አስመዝግቡ።