ሌባ ሲሉኝ ከመንገድ ማዶ ይነበብ ነበር
(በዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን ለተሰበሰቡ ጋዜጠኞች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ የሙያ አጋሮቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ይህ ቀን በመጣ ቁጥር ስለ ነፃነታችን ስናወራ እንውላለን። ደግ ነው። አዘጋጆቹም የጠሩኝ ለዚያው ነበር፤ ወረቀቴንም በዚያው ጀምሬው ነበር። ትናንት ማታ ቀደድኩት። ዛሬ የምናገረው ስለ እርማት ነው። አዎ፣ ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር ስለምንወሽቃት ሁለት መስመር።

አርታኢ ሳለሁ አንድ የፍርድ ቤት ዜና መጣልኝ። የተከሳሹ ስም ከነአባቱ ከነአያቱ በደንብ ተጽፏል። ርዕሱን በአራት ዓምድ ዘርግቼው ስለነበር ቦታ ጠበበኝ። አያቱን ቆረጥኩት። ሪፖርተሩ አይደለም፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት። በእኛ አገር ስም ከነአባት ግማሽ አድራሻ እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። አንድ ወረዳ ውስጥ ስንት አበበ ከበደ አለ?

በሦስተኛው ቀን አንድ አዛውንት ቢሮ መጡ። መርካቶ፣ ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ ይሸጣሉ። ጋዜጣውን አራት ቦታ አጥፈው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘውታል። አልጮኹም። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉና ስማቸውን በጣታቸው አሳዩኝ።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አይደሉም፣ አባቴ።»

«ታዲያ እቁብተኞቼ ለምን እኔ ነኝ ይላሉ?»

ዕጣ ወጥቶላቸው ነበር። የእቁቡ ዳኛ «ሁለት ዋስ ካልጨመሩ» ብሎ ገንዘቡን ይዞባቸዋል። ሃያ ዓመት አብረው ቡና የጠጡ ሰዎች ሱቃቸው በር ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን ያዞራሉ።

እርማት አወጣን። እንዴት ያለ እርማት መሰላችሁ? «ባለፈው ዕትማችን በወጣው ዜና የተጠቀሰው ግለሰብ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሌሎች ሰዎች እንደማይመለከት እንገልጻለን።» በቃ። ምን እንዳጠፋን የለም፣ ማንን እንደጎዳን የለም፣ ይቅርታ የሚል ቃል የለም። አዛውንቱ ተመልሰው መጡ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ሌባ ስትሉኝ ከመንገድ ማዶ ይነበብ ነበር። አይደለም ስትሉ ግን መነጽሬን አድርጌም አላገኘሁት፤ የልጅ ልጄ ነው ፈልጎ ያሳየኝ።»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ በዕድሜ የምትመስሉኝ ታውቃላችሁ። በ1985 የፕሬስ አዋጅ ወጥቶ ጋዜጣው እንደ አሸን ሲፈላ፣ አዘጋጅ ማለት ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው ነበር። «ተሳስቻለሁ» ብሎ ማተም ለዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ጠቅልሎ መስጠት ነበር። ስለዚህ አድበስብሶ ማለፍን ተማርን። በዚያን ጊዜ ሰው አልፈርድም። ነገር ግን የ2013ቱ አዋጅ፣ ቁጥር 1238፣ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀል ጉዳይ አውጥቶ ለፍትሐ ብሔር ትቶታል። ሰበቡ ሄደ፤ ማድበስበሱ ቀረ!

አሁንማ ብሷል። የድሮው ስህተታችን ቢያንስ አይጠፋም፤ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክር፣ ገብቶ ማየት ይቻላል። የዛሬው ሌሊት ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፣ ጠዋት ድምፁን አጥፍቶ ይነሳል። ከአፍ የወጣ አፋፍ! እኛ ስናነሳው ስክሪንሾቱ ጅማ ደርሷል። የሐሰቱን ዜና ያነበበው ሰው መሰረዙን በምን ይወቅ? ባለሥልጣን ሰነድ ሲያጠፋ በፊት ገጽ የምንጮህ እኛ ነን። የራሳችንን ስናጠፋ «አዘምነነዋል» እንላለን። ይህ ማዘመን አይደለም፣ ማስረጃ ማጥፋት ነው!

የፈረንጅ ሰዓት ስድስት ሳይቀነስ፣ ቢሊዮኑ ሚሊዮን ሆኖ መውጣቱን አልቆጥርም። በጥድፊያ ያልተሳሳተ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያንሳ።

ስለ ስም ካነሳሁ አይቀር፦ ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1853 ሰሎሞን ኖርዝአፕ ስለሚባል፣ ታፍኖ ለባርነት ስለተሸጠ ነፃ ጥቁር አሜሪካዊ ሲዘግብ የሰውየውን ስም በርዕሱ አንድ ዓይነት፣ በዜናው ሌላ ዓይነት አድርጎ አበላሸው። እርማቱን ያወጣው በማርች 2014 ነው። ከ161 ዓመት በኋላ! «ማን ያስታውሰዋል» ብሎ መተው ይቻል ነበር። እኛ ሸማ ተራ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀንን ሰው ነው በስሙ ጠርተን ማረም ያቃተን።

ልመናዬ አጭር ነው። ፊት ገጽ ላይ ያጠፋነውን ፊት ገጽ ላይ እናርም። በምሽት ዜና ያጠፋነውን በምሽት ዜና፣ ለዚያው አድማጭ። የተጎዳውን ሰው በስሙ እንጥራ፤ ምን ብለን እንደነበርና እውነቱ ምን እንደሆነ ጎን ለጎን እንጻፍ። «ገጹ ውድ ነው፣ ማስታወቂያ ይሸጥበታል» የሚል ሥራ አስኪያጅ አውቃለሁ። የአዛውንቱን ስም ስናጠፋበት ስንት አስከፈልን?

ስለ ሥልጠና፣ ስለ መገናኛ ብዙኃን ምክር ቤቱም ጥቂት ጽፌ ነበር፤ መድረክ መሪው ሰዓቱን እያሳየኝ ስለሆነ ልተወው።

ያቺ ሁለት መስመር እርማት ከጋዜጣው ተቆርጣ እዚህ ቦርሳዬ ውስጥ አለች። በሻይ ሰዓት ማየት የሚፈልግ ይምጣ፣ አሳየዋለሁ። መነጽራችሁን ይዛችሁ ኑ።

አመሰግናለሁ።