ናፍጣ የሚጠቀም ፒክአፕ ነዳጁን የሚያባክነው የት ነው?

(ምስል፦ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ)

ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እንዲህ ባለው ቁልቁለት ላይ ነዳጅ የሚቆጥቡ እየመሰላቸው ማርሹን ፎሌ አድርገው (ሞተሩን ከጎማዎቹ አላቀው) የሚለቁት አሽከርካሪዎች ብዙ ናቸው፤ ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። መኪናው ማርሽ ውስጥ እንዳለ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሡ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ስለሚሆኑ፣ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባው ናፍጣ ይቋረጣል፤ ይህም በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዙት አዳዲስ ሞተሮች ብቻ ሳይሆኑ ሜካኒካል የናፍጣ ፓምፕ ያላቸው አሮጌዎቹም የሚሠሩት ሥራ ነው። ፎሌ ላይ ያለ ሞተር ግን እንዳይጠፋ ሳያቋርጥ ናፍጣ ይጠጣል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የሞተሩ መያዣነት ሲቀር ክብደቱ በሙሉ ፍሬኑ ላይ መውደቁ ነው፤ ከመጠን በላይ የጋለ ፍሬን አይዝም። ስለዚህ እባክዎ ቁልቁለቱን ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱት።

(ምስል፦ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚለቅ የጭስ ማውጫ)

ከማርሽ ቀጥሎ ሰፊ ትኩረት የሚሻው የአየር ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሞተር ይህን ጉድለት በአብዛኛው ያካክሳል። እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ 5ኤል ያለ ቱርቦ አልባ ሞተር ግን፣ ፓምፑ ለከፍታው ካልተስተካከለ፣ ማቃጠል ከሚችለው በላይ ናፍጣ ይቀበላል፤ በጭስ ማውጫው የሚወጣው ጥቁር ጭስም ገንዘብ የተከፈለበት፣ በወጉ ሳይቃጠል የቀረ ነዳጅ ነው። ጉልበት ለመጨመር ሲባል የፓምፑን ብሎን ማላላትና ማጥበቅ ይህንኑ ብክነት ያባብሰዋልና፣ ማስተካከያው መለኪያ መሣሪያ ባለው የፓምፕና የኖዝል (ናፍጣ የሚረጨው ጫፍ) ባለሙያ ቢሠራ ይሻላል። በአቧራማ ጥርጊያ መንገድ የሚውል መኪና የአየር ፊልትሮውም መመሪያው ከሚለው ቀን ቀድሞ ይደፈናል፤ ጭሱ ሲጠቁር መጀመሪያ የሚታየው እርሱ ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድጉ አየሩ የሚፈጥረው ተቃውሞ ከግማሽ በላይ ይጨምራል፤ ባዶውን ተጭኖ የሚዞር ፖርቶመጋላ ካለ ደግሞ ይብሳል። የጎማውን ንፋስ ከጉዞ በፊት፣ ጎማው ሳይግል፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተጻፈው ልክ ያስሞሉ፤ ጭነት ሲኖር የኋላዎቹ ልክ እንደሚለይ ያስተውሉ። ጠዋት ሞተሩን ቆሞ ከማሞቅ ይልቅ ጥቂት ቆይቶ በዝግታ መንዳት ቶሎ ያሞቀዋል።

(ምስል፦ ነዳጅ ማደያ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ)

ለውጡን ለማወቅ ሰልባቲዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) ሞልተው ቆጣሪውን ይመዝግቡ፤ በሚቀጥለው ጊዜም በዚያው ማደያ ሞልተው የተጓዙትን ኪሎ ሜትር በተቀዳው ሊትር ያካፍሉ። በ540 ኪሎ ሜትር 45 ሊትር ከገባ፣ መኪናው በ1 ሊትር 12 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ናፍጣ ሲቀዳ አረፋ ስለሚሠራ አንድ ልኬት ሊያሳስት ይችላል፤ የሦስት ወይም የአራት ሙሌት አማካይ ይታመናል። አማካዩ ያለ ምክንያት ከወረደ፣ ኢንጀክተር (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ክፍል) ከመፈታቱ በፊት መኪናውን በክሪክ አንሥተው እያንዳንዱ ጎማ በእጅ ሲገፋ በነፃነት መዞሩን ይፈትሹ፤ ተጣብቆ የቀረ ፍሬን በዝምታ ብዙ ናፍጣ ይበላል።