ደንገጎን የምትወጣ መኪና የካምቢዮ ዘይቷ መቼ ይቀየር?

[ምስል፦ ከዚራ። በዛፍ ጥላ ሥር የቆመች ቪትዝ፣ ኮፈኗ ተከፍቷል።]

ሰላም ናችሁ? የሞተር ዘይት መቀየር የሚረሳ ሰው ጥቂት ነው። የካምቢዮ ዘይትስ? "ከገዛኋት ጀምሮ ነክቼው አላውቅም" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ እጃችን ላይ ያለችውን መንከባከብ ግድ ነው።

ኦቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱ ብዙ ሥራ አለበት። የሞተሩን ጉልበት ያሻግራል፣ በግፊቱ ማርሽ ይቀይራል፣ ሙቀትንም ተሸክሞ ያወጣል። ዘይቱን ቶሎ የሚጨርሰውም ይኸው ሙቀት ነው።

[ምስል፦ የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ከጭነት መኪና ኋላ የተሰለፉ መኪኖች።]

ይህን ዳገት ታውቁታላችሁ፤ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስትሄዱ የምትወጡት ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 አካባቢ ናችሁ። ከፊታችሁ የተጫነ አይሱዙ አለ፣ ማለፍ አይቻልም፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። በዝግታ እየጎተቱ መውጣት ዘይቱን ክፉኛ ያግለዋል።

የብዙ መኪኖች መመሪያ ለኦቶማቲክ ከ80,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ይላል። "መቀየር አያስፈልገውም" የሚልም አለ። ግን እዚያው መመሪያ ላይ ሙቀት፣ ዳገትና ጭነት ካለ ጊዜው እንደሚያጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ። የኛ ኑሮ ያ ነው። ስለዚህ ሐረር ለሚመላለስ ሰው ምክሬ 40,000 ላይ ቀይሩት ነው። ማንዋል ከሆነ 60,000 ይበቃል። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ ታሪኩን ካላወቃችሁ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አትመኑ። ዘይቱን እዩት።

[ምስል፦ መለኪያው ሲወጣ፣ ነጭ ሶፍት ላይ የወደቀ ጠብታ።]

መኪናዋን ነድታችሁ አሙቋት። ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ሞተሩ አይጥፋ። ፍሬን ረግጣችሁ ማርሹን ሁሉም ቦታ አስነኩና ወደ ፓርኪንግ መልሱት። ከዚያ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ (የሞተሩን አይደለም) ስባችሁ ጠርጉት፣ መልሳችሁ ከታችሁ አውጡት። አብዛኛው የኦቶማቲክ ዘይት አዲስ ሲሆን ቀይና ጥርት ያለ ነው። ሻይ ከመሰለ ጊዜው ደርሷል። ከጠቆረና የተቃጠለ ከሸተተ አልፏል። መለኪያ የሌላቸው መኪኖችም አሉ፤ እነሱ ጋራዥ ገብተው ከሥር ነው የሚታዩት።

አንድ ነገር ግን አደራ። የዘይቱ ዓይነት! እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ በጃፓን ለራሷ ገበያ የተሠራች ቪትዝ ብዙ ጊዜ ሲቪቲ ናት። መንታዋ ያሪስ ደግሞ ባለ 4 ማርሽ ኦቶማቲክ ልትሆን ትችላለች። መልካቸው አንድ፣ ዘይታቸው ለየቅል። ሲቪቲ ውስጥ በሁለት ፑሊዎች መሀል የሚዞር የብረት ቀበቶ አለ። ዘይቱ ካልሆነለት ይንሸራተታል፣ ፑሊውንም ይበላዋል። የጎረቤቴን ቪትዝ አንድ ጋራዥ የተለመደውን ቀይ ዘይት ሞሉባት። ደንገጎ ላይ መንዘፍዘፍ ጀመረች። ዘይቱ ተደፍቶ ትክክለኛው ተሞላ፣ ድምፁ ግን ዛሬም አለ። በጣም ያሳዝናል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከመመሪያው ጋር ራሳችሁ አስተያዩ።

[ምስል፦ ዘይቱ ወደ ባልዲ ሲወርድ።]

ሲፈስ ሁሉም አይወጣም። ሲሶው፣ ቢበዛ ግማሹ ነው የሚወጣው፤ ቀሪው በአብዛኛው ኮንቨርተር (የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ የሚያሻግረው ክፍል) ውስጥ ይቀራል። በጣም ካረጀ ጥቂት ነድታችሁ ድገሙት። በማሽን ግፊት ማጠቡን ለአሮጌ ካምቢዮ አልመክርም። የዘይት መያዣው ሲከፈት ማግኔቱን እዩ። እንደ ጭቃ የላመ ብናኝ የተለመደ ነው። የብረት ስባሪ ከሆነ ካምቢዮው ውስጡ ተበልቷል። ማርሽ እየዘለለ ወይም እየተንሸራተተ ያለ ካምቢዮም በዘይት ብቻ አይድንም፤ ሳይብስ ለባለሙያ አሳዩት።

የወጣውን ለኩና ያንኑ ያህል ሙሉ። ከዚያ እዚሁ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ደርሳችሁ ተመለሱ፣ በሙቁ ድጋሚ ለኩ። ከሥሯም ካርቶን አንጥፋችሁ አሳድሯት። ጠዋት ጠብታ ካገኛችሁ የማፍሰሻው ቡሎን አልጠበቀ ይሆናል።