ወንዶች ከዮጋው ክፍል ለምን ቀሩ?

ክቡራን እንግዶች፣ የሙያ አጋሮቼ የስፖርት አሰልጣኞች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ርዕሱ ሲነበብ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ፤ በተለይ ወንዶቹ። ግድ የለም፣ ከፈገግታው እንጀምር። ዮጋ ከጥንት ጀምሮ የሴቶች የነበረ ይመስለናል። ታሪኩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በደቡብ ሕንድ፣ በማይሶር ቤተ መንግሥት ዮጋ ያስተምሩ የነበሩት የመምህር ክሪሽናማቻሪያ ደቀ መዛሙርት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ዮጋን በዓለም ያዳረሱት አይንጋርና ፓታቢ ጆይስም ከእሳቸው እጅ የወጡ ናቸው። ኢንድራ ዴቪ የምትባል የሪጋ ተወላጅ ልማር ብላ ስትመጣ ግን መምህሩ አልቀበልም አሉ፤ የተቀበሏት ንጉሡ ጣልቃ ገብተው ነው። ያቺው ሴት በ1940ዎቹ መገባደጃ ሆሊውድ ውስጥ የዮጋ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ የፊልም ተዋናዮችም ጎረፉላት። ከዚያ ወዲህ በምዕራቡ ዓለም የመጽሔቱ ሽፋንም፣ ልብሱም፣ ማስታወቂያውም ባብዛኛው ወደ ሴቶች ዞረ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 በተሰበሰበ ብሔራዊ የጤና መረጃ፣ በዓመቱ ዮጋ የሠሩት ከአዋቂ ሴቶች 23.3 በመቶ ሲሆኑ ከወንዶቹ 10.3 በመቶ ብቻ ናቸው።

ችግሩ ማስታወቂያው ብቻ ቢሆን ኖሮ ፖስተሩን ቀይረን በተገላገልን። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ዋናው ነገር ያለው የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው።

ሰውየው ብረት ያነሳል፣ ኳስ ይጫወታል፣ በጉልበቱ ይተማመናል። እግርህን ዘርግተህ ወለሉ ላይ ተቀመጥ ይባላል። ገና ከመቀመጡ ወገቡ ይጎብጣል፤ ከጭኑ ጀርባ ያለው የጠበቀ ጡንቻ ዳሌውን ወደ ኋላ ስለሚጎትተው ነው። ወደ ፊት እጠፍ ሲባል እጁ ከጉልበቱ ብዙም አያልፍም። ጥርሱን ነክሶ፣ ትንፋሹን ውጦ ይገፋል። ጡንቻ ደግሞ በኃይል ሲሳብ ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል፤ በገፋ ቁጥር ይብስበታል። አጠገቡ በዕድሜ የምትበልጠው ሴት ግንባሯን ጉልበቷ ላይ አሳርፋለች። በዓይኑ ጠርዝ ያያታል። ሰዓቱ ሲያልቅ አመስግኖ ይወጣል፤ በዚያው ይቀራል። ለጓደኞቹ ሲያወራ ታዲያ "አልቻልኩም" አይልም። "ቀላል ነው፣ ላብ እንኳ አያወጣም" ነው የሚለው።

አትፍረዱበት። ስፖርትን የለመደው በኪሎ፣ በጎል፣ በደቂቃ ነው። እዚህ የሚቆጠር ነገር የለም፤ የሚታየው የጎደለው ብቻ ነው።

አንዳንድ ጂሞች ለዚህ መላ ብለው "የወንዶች ዮጋ" ከፍተዋል፤ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ፑሽ አፑ ይበዛል። ሰውን በሩ ድረስ ያመጣ ይሆናል፤ ግን ያንኑ ግፊያ ወደ ምንጣፉ ካመጣው ጡንቻው መች ይፈታል? (ፑሽ አፕ የሚወድ ሁሉ ቻቱራንጋን፣ ፑሽ አፕ የምትመስለውን የዮጋ አቋም፣ ቀስ ብሎ፣ ክርኑን ወደ ጎኑ ሰብስቦ ይሞክራት። ጩኸት አያስፈልጋትም።) ዮጋ ሩጫንም ሆነ ክብደት ማንሳትን ይተካል እያልኩ አይደለም። ሯጩ ይሩጥ።

ምሳሌ ከተፈለገ ራያን ጊግስ አለ። የኋላ ጭን ጡንቻው ሲያስቸግረው ዮጋን ያዘ፤ ለማንችስተር ዩናይትድ እስከ 40 ዓመቱ ተጫወተ። የቅርጫት ኳሱ ከሪም አብዱል ጀባር ደግሞ በ42 ዓመቱ ነው የአሜሪካውን ሊግ ኤንቢኤን የተሰናበተው። ዮጋ ብቻውን እዚያ አደረሳቸው አልልም፤ እነሱ ግን ባለውለታችን ነው ይላሉ።

እናንተን አሰልጣኞቹን የምጠይቀው ይህን ነው። አዲስ ወንድ ሲመጣ መስታወቱ ፊት አታስቀምጡት። የታጠፈ ብርድ ልብስ ከመቀመጫው ሥር አስገቡለት፣ ጉልበቱን አጠፍ ያድርግ፤ ወገቡ ወዲያው ሲቃና ታያላችሁ። ቀበቶም ስጡት፤ እግሩ ላይ አዙሮ ይያዘው። እነዚህን መደገፊያዎች ያስለመዱት በልጅነታቸው በሽታ ያደቀቃቸው አይንጋር ናቸው፤ ነውር የለባቸውም። "ተንፍስ" ማለትንም አትርሱ፤ ትንፋሹን መያዙን ራሱ አያውቀውም። ከዚያ ሁለተኛው ቀን ላይ መምጣት አለመምጣቱን መዝግቡ፤ የእናንተ ውጤት እሱ ነው።

ከዕረፍት በኋላ ይህንኑ አቀማመጥ አብረን እንሞክረዋለን። ክብደት አንሺዎች፣ የፈለጋችሁበት ተቀመጡ፤ ብርድ ልብሱ ለሁላችሁም ይበቃል። አመሰግናለሁ።