የዝምድና ምስክሩ የግስ እርባታ ነው

የተከበራችሁ መምህራን፣ የግእዝና የሥነ ልሳን ተማሪዎች፤

የጥንታዊ ግብፅኛ ትምህርታችሁን መክፈቻ ንግግር እንዳደርግ ስትጋብዙኝ ርእሱን ለእኔ ስለተዋችሁልኝ፣ የፈርዖኖችን ጦርነት ትቼ አንዲት የግብፅኛ ግስ ይዤ መጥቻለሁ። ተነባቢዎቿ ም፣ ን እና ዕ ሲሆኑ ፍቺዋ ሕፃን ማጥባትና ማሳደግ ነው። ጸሐፊው ሦስቱን ድምፆች ካሰፈረ በኋላ ተቀምጣ ልጅ የምታጠባ ሴት ይሥልበታል፤ አናባቢ ግን አይጽፍም።

ስለዚህችው ግስ በአንድ ስብሰባ ላይ ስናገር አንድ ሰው ብድግ ብለው «ይህማ የእኛው መና ነው!» አሉና አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እርሳቸውም ልባቸው ሞልቶ የግብፅን አማልክት በየተራ እየጠሩ ሁሉንም አማርኛ አደረጓቸው፤ ሰብሳቢው ሰዓት ቢያስታውሷቸውም የሚሰማ አልነበረም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። መና በመጽሐፍ ቅዱስ በኩል ከዕብራይስጥ የመጣ ቃል ነው፤ ዐይኑ ዐም የለበትም። ድምፅ ስለተመሳሰለ ብቻ ዘመድ የሚቆጠር ከሆነ፣ በዓለም ላይ ዘመዳችን ያልሆነ ቋንቋ አይገኝም!

የግብፅኛንና የግእዝን እውነተኛ ዝምድና የምትሹ እርባታውን፣ ማለትም ግሱ በአድራጊውና በጊዜው የሚለዋወጥበትን መንገድ ተመልከቱ። በግሷ መጨረሻ «ስ» ሲቀጠል «እርሷ ታጠባለች» ይሆናል፤ በመካከላቸው «ን» ሲገባ ድርጊቱ የተፈጸመ መሆኑን ያመለክታል። ይህ የ«ን» አገባብ በግእዝ የለም፤ የሌለውን የለም ማለትም ዕውቀት ነው። ነገር ግን ግእዙ «ተሐፀንኩ» (በአሳዳጊ እጅ አደግሁ) በሚልበት ስፍራ ግብፃዊው ግሱን በ«ክ» እና በ«ው» ይዘጋዋል፤ ይህም ያው የእኛ «ኩ» ነው። አሳዳጊዋ ሴት ስትሆን ደግሞ «ት» ይጨመርባታል፤ ሐፃኒ ሐፃኒት እንደሚባለው ማለት ነው። ቋንቋ ከጎረቤቱ ቃል እንደ ልቡ ይዋሳል፤ እንዲህ ያለውን የእርባታ ምዕላድ (ቅጥያ) ግን በቀላሉ አይዋስም። የግብፅኛን የግስ ሥርዐት እንደ አዲስ ያስረዳው የኢየሩሳሌሙ የቋንቋ ሊቅ ፖሎትስኪ የጉራጊኛንም ሰዋስው አጥንቷል፤ አዳራሽ ለማስጨብጨብ ሳይሆን ግስ ከነእርባታው ለመመርመር።

ወንድ አሳዳጊ መኖሩ የሚያስገርማችሁ ካላችሁ፣ የሴቲቱ ፈርዖን የሐትሸፕሱት ሹም የነበረው ሰነንሙት በዚሁ የ«አሳዳጊ» ማዕርግ ይጠራ ነበር፤ ልዕልት ነፍሩሬን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በልብሱ እንደጠቀለላት የሚያሳይ ሐውልቱ ዛሬም አለ። የፈርዖኑ የቱታንኻሙን ሞግዚት የማያ መቃብርም በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በግብፅ፣ በሰቃራ ተገኝቷል፤ በግድግዳው ላይ ንጉሡ ጭኗ ላይ ተቀምጧል።

ር፣ ን፣ ን የሚለው ሌላው የማሳደግ ግስ፣ እንደ እባብ ከምትሣለው ከአሳዳጊዋ አምላክ ከረነኑተት ስም ጋር ይያያዛል፤ ከእኛ ሚያዝያ ጋር የሚገጥመው የቅብጦች ወር ፓርሙቲም ስያሜውን ያገኘው ከእርሷ ነው። የዚህኛው ግስ ሁለት «ን» በአንዳንዱ እርባታ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ በሌላው አንዱ ብቻ ይታያል፤ ምክንያቱን መምህራችሁ በሰፊው ያስረዷችኋል።